ካርቱንና ጌም የሚሠራ ሰው ምን ተምሮ ነው?

እሁድ ዶራ ስንገናኝ «ልጁ ኮምፒውተር ልማር ይላል፣ የሚወደው ግን ስዕል ነው፤ ምን ላስተምረው?» የሚል ጥያቄ ስለበዛ የዛሬው ትምህርታችን እሱ ነው።

ሁለቱን ባንድ ላይ የሚያስተምር ዘርፍ አለ። ለንደን ያለው ጎልድስሚዝስ ዩኒቨርሲቲ «ክሪኤቲቭ ኮምፒዩቲንግ» ብሎ በዲግሪ አስተምሮታል። ተማሪው ፕሮግራም መጻፍ ይማራል፤ የሚጽፈው ግን ለባንክ ሂሳብ ሳይሆን ለስዕል፣ ለድምፅና ለጨዋታ ነው።

ፕሮግራም ምንድነው ለምትሉ፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ተመልከቱ። ሸማኔው ክር ይቆጥራል፤ ይህን ያህል ቀይ፣ ይህን ያህል አረንጓዴ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ይህንኑ ትእዛዝ ጽፎ ለኮምፒውተር መስጠት ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ዣካር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1804 ጥለቱን በተበሳ ካርቶን አስቀምጦ መሸመኛው ራሱ እንዲከተለው አድርጓል። የድሮ ኮምፒውተሮችም ትእዛዝ የሚቀበሉት በተበሳ ካርድ ነበር።

በኛ አገርስ? ልጆች ሆነን በቴሌቪዥን ያየናትን ቀጭኔ ፀሐይን አስታውሱ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያወጣውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የመሠረቱት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ናቸው። እሷ አስተማሪ ነበረች፣ እሱ የኮምፒውተር ባለሙያ። አያችሁ? አንዷ ልጆቹን ታውቃለች፣ አንዱ ማሽኑን። በ2008 የጃፓን ፕራይዝን አገኙ። በኋላም ሦስት ጀግና ሴት ልጆች ያሉበትን «ጥበብ ገርልስ» የሚባል ካርቱን ሠሩ። ቅኔ ጌምስ የሚባለው ድርጅት ደግሞ «ኩኩሉ»ን ለስልክ አውጥቷል፤ ዶሮዋ ወጥ እንዳትሆን የምትሮጥበት ጨዋታ ነው።

ሥራው ብዙ ነው፤ አኒሜተር፣ የጌም ፕሮግራመር፣ የዌብሳይት ዲዛይነር፣ ድምፅ አቀናባሪ። እኔን ከጠየቃችሁኝ አገር ቤት ቶሎ እንጀራ የሚሆነው ጌሙ ሳይሆን የማስታወቂያና የቴሌቪዥን ግራፊክስ ነው። እዚህ ቤይሩት ሲን ኤል ፊል ያለው አልባ የሚባል የጥበብ ትምህርት ቤት አኒሜሽን ያስተምራል፤ በኛ ወረቀትና በኛ ደሞዝ እዚያ መግባት ግን ሌላ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። አገር ቤት በዚህ ስም ዲፓርትመንት ከምትፈልጉ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ገብቶ ስዕሉን በጎን ቢማር ይሻላል። ስዕሉ ለሚበልጥበት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ። ታናሽ ወንድሜን የማስተምረው እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ «ስክራች» በሚባለው ፕሮግራም አንድ ጨዋታ ሠርተህ አሳየኝ ብዬዋለሁ። ነፃ ነው፣ አማርኛም አለው።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ዶላር ከመላካችሁ በፊት አጣሩ። ዕውቅናው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይበቃም፤ ለዚያው ትምህርትና ለዚያው ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተሰጠ መሆን አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግልም ሆነ የመንግሥት ተማሪ የመውጫ ፈተናውን ካላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ተማሪዎቻቸው ስንቱ እንዳለፈ ጠይቁ፤ መልስ ካልሰጧችሁ ብሩን ያዙት።