አንድ ኤክስቴንሽን በልዩ ልዩ ብራውዘር እንዲሠራ

በጭድ ተራ ያለ አንድ አስመጪ፣ በድረ ገጽ በሚመጣለት ኢንቮይስ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚለውጥ ኤክስቴንሽን፣ ይኸውም በብራውዘር ላይ የሚቀጠል አነስተኛ ፕሮግራም፣ አሠራ እንበል። በጸሐፊው ክሮም ላይ ሠርቶ በሒሳብ ያዡ ፋየርፎክስ ላይ አልነሣም ቢል፣ የመክፈያው ቀን በግምት ይጻፋል፤ ቀኑ ያለፈበት ዕዳም ምን እንደሚያስከትል የታወቀ ነው።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የስሌቱ ሳይሆን የማኒፌስቱ ነው። ነጋዴ የጭነት ማኒፌስትን ያውቃል፤ ይህም እንደዚያው፣ በውስጡ ያለውን ለብራውዘሩ የሚያስታውቅ ዝርዝር ነው። በሦስተኛው የማኒፌስት ሥርዓት፣ ከበስተጀርባ የሚሠራው ክፍል ለክሮም «ሰርቪስ ወርከር»፣ ለፋየርፎክስ ግን «ስክሪፕትስ» ተብሎ መመዝገብ አለበት። መድኃኒቱ ሁለቱንም ጎን ለጎን መጻፍ ነው፤ ሁለቱም ብራውዘሮች ከ121ኛ እትማቸው ወዲህ ይህን ያለ ተቃውሞ ይቀበላሉ። ሳፋሪም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ዓይነት ኤክስቴንሽን ይቀበላል፤ ነገር ግን በመተግበሪያ ውስጥ ታሽጎ እንዲቀርብለት ይሻል፤ ሳፋሪን ለማይጠቀም ቤት ትርፍ ድካም ነው።

ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ብራውዘር ሁለት ቀን ይፈተን፦ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሆኖ መውጣት አለበት። ሁለተኛው ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ የመጣ ስለ ሆነ፣ አንዲት ቀን የምትሳተው እዚያ ላይ ነው።