እያንዳንዱ በቤቱ አንጻር

መጽሐፈ ነህምያ በዐውደ ምሕረት ሲጠቀስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ቅጥሩ ነው። የኢየሩሳሌም ቅጥር ፈርሶ፣ በሮችዋም በእሳት ተቃጥለው ሳሉ፣ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያ ወደ አባቶቹ ከተማ መጥቶ፣ ሕዝቡን አስተባብሮ፣ ሥራውን በ52 ቀን እንደ ፈጸመ ሁላችንም እናውቃለን። በዚሁ መጽሐፍ በምዕራፍ 5 የተጻፈው የድሆች ጩኸት ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ቅጥሩና ጩኸቱ በአንድ ወራት፣ በአንድ ሕዝብ መካከል የሆኑ ናቸውና ልንለያያቸው አይገባንም። የአንድ አጥቢያ ምእመናን ስለ ሰላምና ስለ ቅን ፍርድ ተሰብስበው የሚሠሩት ሥራ ምን መምሰል እንደሚገባው ለመማር ስለ ፈለግን፣ ዛሬ ሁለቱን አያይዘን እንመለከታለን።

ምዕራፍ 3ን ያነበበ ሰው የስም ዝርዝር ብቻ መስሎት ቶሎ ይሰለቻል። ነገር ግን ሥርዓቱን ልብ ይሏል። መጀመሪያ እጁን ለሥራ ያነሣው ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብ ከወንድሞቹ ካህናት ጋራ ነው፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የየአገሩ ሰዎች፣ ወርቅ አንጥረኞች፣ ሽቱ ቀማሚዎች፣ ነጋዴዎች ተሰለፉ። አንድ ሹም ከሴቶች ልጆቹ ጋራ ሆኖ እንደ ሠራም ተጽፏል። የቴቁሐ ታላላቆች ደግሞ አንገታቸውን ለሥራው እንዳላዋረዱ ሳይደበቅ ተመዝግቧል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ብዙዎቹ የሠሩት እያንዳንዳቸው በቤታቸው አንጻር መሆኑ ነው። ነህምያ የከተማውን ዙሪያ ሁሉ ለአንድ ሰው አላሸከመም፤ በደጁ ያለውን ፍራሽ አይቶ የሚያዝን ሰው ያንኑ ፍራሽ እንዲያነሣ አደረገ እንጂ።

ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ ጩኸት ተነሣ። የጮኸው ከውጭ የመጣ ጠላት አይደለም፤ ቅጥሩን ከሚሠሩት ወገን ራሳቸው ናቸው። በራብ ዘመን እህል ለመሸመት እርሻቸውን፣ ወይናቸውን፣ ቤታቸውን አስይዘዋል፤ ሌሎቹም ለንጉሡ ግብር ገንዘብ ተበድረዋል። የሚከፍሉት ባጡ ጊዜ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን ለባርነት ሰጥተዋል። አበዳሪዎቹም የራሳቸው ወንድሞች ነበሩ። እንግዲህ ቀን ድንጋይ በአንድነት የሚያነሡ ሰዎች ማታ አንዱ የሌላውን ልጅ በዕዳ ይወስድ ነበር ማለት ነው።

ነህምያ ይህን በሰማ ጊዜ እጅግ ተቆጣ፤ ነገር ግን በቁጣው ወዲያው አልተናገረም፤ አስቀድሞ በልቡ መከረ። ከዚያም ታላላቆቹንና ሹማምቱን ገሠጸ፣ ታላቅ ጉባኤም ሰበሰበባቸው፤ እነርሱም የሚመልሱት አጥተው ዝም አሉ። እርሱና ወንድሞቹ ገንዘብና እህል ማበደራቸውን ራሱ ተናግሮ፣ ወለዱ እንዲቀር፣ እርሻውና ወይኑ ቤቱም በዚያው ቀን ለባለቤቱ እንዲመለስ ጠየቀ። እሺ ባሉት ጊዜም በቃላቸው ብቻ አልተወውም፤ ካህናቱን ጠርቶ አስማላቸው። መምህራን በዚህ ስፍራ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ፦ የተበደለው ሰው ጩኸት መጀመሪያ ተሰማ፤ ቁጣው በምክር በረደ፤ ነገሩ በስውር ሳይሆን በጉባኤ ፊት ተነገረ፤ ተስፋውም በካህናት ፊት በመሐላ ታሰረ። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ኖሮ ፍጻሜው አያምርም ነበር። ቁጣ ያለ ምክር ሁከት ይሆናል፤ ምክርም ያለ ጉባኤ ሐሜት ሆኖ ይቀራል።

አንዳንድ አባቶች «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ የካህን ድርሻ መቀደስና ማስተማር ነው» ይላሉ። ካህን ሹመት ፈላጊ፣ የአንድ ወገን ተከታይ ሆኖ መቆም እንደማይገባው እኛም እናምናለን። ነገር ግን መሐላውን ያስማሉት ካህናት ከመሠዊያው አልራቁም፤ የመሠዊያውን ሥራ እስከ ሰው ቤት አደረሱት እንጂ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ387 የአንጾኪያ ሕዝብ በግብር ጭማሪ ተቆጥቶ የንጉሡን ምስሎች ሰብሮ በሞት ፍርድ ሥር በወደቀ ጊዜ፣ ሊቀ ጳጳሱ ፍላብያኖስ በሽምግልናው ወደ ቍስጥንጥንያ ሄዶ በንጉሡ በቴዎዶስዮስ ፊት ስለ ከተማው ማለደ። በተራራ ይኖሩ የነበሩ መነኮሳትም ወርደው በዳኞቹ ደጅ ቆመው ስለ ሕዝቡ ለመኑ። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በዚያው ወራት ሕዝቡን በየዕለቱ እያስተማረ ያጽናና ነበር። እነዚህን ሁሉ ከክህነታቸው ወጡ የሚላቸው የለም።

ነቢዩ ኤርምያስ የሕዝቡን ስብራት በላይ በላዩ እየፈወሱ ሰላም ሳይኖር ሰላም አለ የሚሉትን ይወቅሳል። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 32 ሰላምን የጽድቅ ፍሬ ያደርጋታል። ስለዚህ ጸጥታን ሁሉ ሰላም ብለን አንጠራም። የተበደለው ሰው ፈርቶ ዝም ያለበት መንደርም ጸጥ ያለ ነው።

አሁን ከእኛ ዘመን ብዙ ሳንርቅ አንድ ምሳሌ እናምጣ። የሠሩት ሰዎች በሃይማኖት ከእኛ የተለዩ ናቸው፤ ነገር ግን ጌታችን ሳምራዊውን ለካህኑና ለሌዋዊው ምሳሌ አድርጎ አቅርቧልና እኛም ከእነርሱ ለመማር አናፍርም።

በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ የምትባል ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ ሲሄዱ የፊቱ ወንበር ለነጮች የተለየ ስለ ነበር በኋላ ይቀመጡ ነበር፤ በመካከል ያለውንም ነጭ በመጣ ጊዜ ይለቁ ነበር። ብዙ ጊዜም ዋጋውን በፊት በር ከፍለው፣ ወርደው፣ በኋላ በር እንዲገቡ ይታዘዙ ነበር። ኅዳር 21 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 1955፣ ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ ከመቀመጫዬ አልነሣም ብለው ታሰሩ። ቀኑ በእኛ ዘንድ ኅዳር ጽዮን የሚከበርበት ነው፤ እነርሱ ይህን አያውቁም፤ እኛ ግን ስናስበው ደስ ይለናል። ብዙ ሰዎች ወይዘሮ ሮዛ ያልተነሡት ደክሟቸው ነው ይላሉ። እርሳቸው ግን ከ12 ዓመት ያህል ጀምሮ ለጥቁሮች መብት በሚከራከረው ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ አባል ሆነው በጸሐፊነት ያገለገሉ ሴት ነበሩ። ያች አንዲት እምቢታ የብዙ ዓመት ትዕግሥትና ትምህርት ፍሬ ነበረች።

በዚያው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የተባሉ የኮሌጅ መምህርት በማባዣ መኪና በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ወረቀቶች አባዝተው፣ ሰኞ ዕለት ማንም ጥቁር በአውቶቡስ እንዳይሄድ የሚለውን ጥሪ በየሰፈሩ እንዲታደል አደረጉ። ሰባክያኑም እሑድ በየአትሮንሳቸው ይህንኑ ተናገሩ። ሰኞ ኅዳር 25 ቀን አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ዋሉ። በዚያች ማታ ሕዝቡ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ፣ ውስጡ ሞልቶ በሺህ የሚቈጠረው በውጭ በድምፅ ማጉያ እያዳመጠ፣ ሥራው እንዲቀጥል ወሰነ። ለአዲሱ ማኅበር መሪ ሆነው የተመረጡት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበሩ።

የዶክተር ኪንግን ስም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ንግግራቸውም ይደነቃል። እኛ ግን ለአጥቢያ ካህን የሚጠቅመው ትምህርት ከንግግሩ ይልቅ በማመላለሻው መዝገብ ውስጥ ይገኛል እንላለን። 40 ሺህ ያህል ሕዝብ በየቀኑ ወደ ሥራ መሄድና ወደ ቤቱ መመለስ ነበረበት። ስለዚህ 300 ያህል መኪናዎች ተሰለፉ፤ ከ40 የሚበልጡ የመሳፈሪያ ቦታዎች ተወሰኑ፤ የቤንዚኑ ገንዘብ የሚሰበሰብበትና የሚቈጠርበት ሥርዓት ተበጀ። አብያተ ክርስቲያናቱ ትልልቅ መኪናዎች ገዝተው በጎናቸው ላይ ስማቸውን ስለ ጻፉባቸው ሕዝቡ «የሚሽከረከሩ አብያተ ክርስቲያናት» ይላቸው ነበር። መኪና ያላገኘው በእግሩ ሄደ። ከሚሄዱትም ብዙዎቹ በነጮች ቤት የሚሠሩ ወጥ ቤቶችና ልብስ አጣቢዎች ነበሩ።

ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ ወጥ ቤት ሴቶችን አሰባስበው ዶሮና ጣፋጭ ዳቦ እየሠሩ በየቤቱና በየሱቁ ይሸጡ ነበር። ትርፉንም በጉባኤው ፊት ያስረክባሉ። ሴቶቹ መታወቃቸው ከሥራ እንዳያስባርራቸው የማኅበራቸውን ስም «ከየትም ያልሆነ ማኅበር» አሉት፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል ከየትም አልመጣም ለማለት ነው። ወይዘሮ ጊልሞር ራሳቸው በፍርድ ቤት ከመሰከሩ በኋላ ከሥራ ተባረሩ፤ ምግቡን ግን በቤታቸው ማብሰል ቀጠሉ። የጽዋ ማኅበር እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ሥራውን ወዲያው እንደሚያውቁት አንጠራጠርም።

ጥር 21 ቀን 1948 ዓ.ም. ማታ በዶክተር ኪንግ ቤት ላይ ቦምብ ተጣለ። ሚስታቸውና ሕፃን ልጃቸው በውስጥ ነበሩ፤ እግዚአብሔር አተረፋቸው። የተቆጣው ሕዝብ፣ ከእርሱም አንዳንዱ መሣሪያ ይዞ፣ በደጁ ተሰበሰበ። ዶክተር ኪንግ በፈረሰው በረንዳ ቆመው መሣሪያውን ወደየቤታችሁ መልሱ፣ ጠላቶቻችሁንም ውደዱ ብለው አሰናበቱት። በየካቲት ደግሞ 89 ሰዎች፣ ከእነርሱም ከ20 የሚበልጡ ሰባክያን፣ ስለዚሁ ነገር ተከሰሱ፤ ብዙዎቹ ፖሊስ እስኪፈልጋቸው ሳይጠብቁ ራሳቸው ሄደው እጃቸውን ሰጡ። ነገሩን ወደ ከፍተኛው ዳኝነት ያደረሰው ክስ የአራት ሴቶች ነበር፤ ከእነርሱ አንዷ ክላውዴት ኮልቪን ከወይዘሮ ሮዛ ዘጠኝ ወር ቀድማ በ15 ዓመትዋ የታሰረች ልጅ ናት። ኅዳር 4 ቀን 1949 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእነርሱ ፈረደ። በዚያችው ዕለት የከተማው ዳኛ የመኪናውን ማመላለሻ ከልክሎ ነበርና፣ የፍርዱ ትእዛዝ በጽሑፍ እስኪደርስ ድረስ ሕዝቡ ከአንድ ወር በላይ በእግሩ ሄደ። ጠቅላላው 381 ቀን ሆነ።

ከድሉ በኋላ ያደረጉት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥብናል። ወደ አውቶቡስ ከመመለሳቸው በፊት በቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ወንበሮችን እንደ አውቶቡስ ደርድረው፣ አንዱ ሾፌር፣ ሌላው ተሳዳቢ፣ ሌላው ተሰዳቢ እየሆነ፣ የተሰደበ ሰው ሳይመልስ እንዴት እንደሚቀመጥ ተለማመዱ። ትዕግሥትን አስተምረናል ብለው ብቻ አልተዉትም፤ አስጠኑት። እኛ ዜማውን በቃል እስኪያዝ ድረስ ስንት ዓመት እንደምናስጠና ለምታውቁ፣ ይህ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ወደ ደጃችን እንመለስ። ነህምያ የሰማው ጩኸት በእኛ አጥቢያ የለምን? አራጣ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን መሬቱን ወይም ቤቱን አስይዞ በአራጣ የተበደረ ሰው፣ አበዳሪው የሰንበቴ ባልንጀራው ስለ ሆነ አፍሮ ዝም ይላል። ሴት ልጁን ወደ ዓረብ አገር ለመላክ ለደላላ የሚከፍለውን የሚበደር አባት አለ፤ ልጅቱም ፓስፖርትዋን አሠሪው ይዞባት፣ ዕዳው እስኪያልቅ ያለ ዕረፍት የምትሠራ ትሆናለች። ይህ ሁሉ በነህምያ ምዕራፍ 5 ከተጻፈው በምን ይለያል?

አጥቢያው ሊሠራው የሚችለው ብዙ ነው። የንስሐ አባት በአራጣ ያበደረውን ልጁን በንስሐ ጊዜ ወለዱን ትቶ መያዣውን እንዲመልስ ቢያዘው፣ ንስሐው በቃል ከመቅረት ይድናል። ዕድር ለቀብር የሚያከማቸውን ያህል ባይሆንም ጥቂት ከፍሎ ለተቸገረ አባል ያለ ወለድ ቢያበድር፣ የአራጣ አበዳሪው ደጅ ይቀዘቅዛል። ወደ ውጭ የምትሄደውን ልጅ ውሏን የሚያነብላት፣ የፓስፖርቷን ግልባጭ በቤተሰቧ ዘንድ የሚያስቀምጥላት፣ ስትደርስም የሚጠይቃት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት አይጠፋም። ይህን ለመጀመር ከሩቅ የሚመጣ አስተባባሪ አያስፈልግም፤ በቤቱ አንጻር ያለውን ፍራሽ የሚያውቅ ሰው ይበቃል።

በዕርቅም ነገር እንዲሁ ነው። ደም የተፈላለጉትን ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን የሟች ልጆች ካሣ ሳያገኙ፣ የተነጠቀው መሬት ሳይመለስ፣ በግ ታርዶ ተበልቶ የሚለያዩበት ዕርቅ ምዕራፍ 5 የሌለው ቅጥር ነው። ሽማግሌዎቹ ወደየቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት የመመለሻው ቀን ተቈርጦ፣ ተጽፎ፣ በካህን ፊት ይማልበት።

በሞንትጎመሪ ጥር 2 ቀን 1949 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት አራት አብያተ ክርስቲያናትና የሁለት ሰባክያን ቤቶች በቦምብ ተመቱ። ድሉ ከተገኘ አንድ ወር አልሞላውም ነበር። በኢየሩሳሌምም ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ፣ በምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው፣ የሌዋውያን ድርሻ ተቋርጦ፣ እነርሱም ወደየእርሻቸው ተበትነው፣ ጠላቱ ጦብያ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ጓዳ ተሰጥቶት አገኘ። የጦብያን ዕቃ ወደ ውጭ ጣለ፤ ጓዳውን አነጻ፤ ሌዋውያኑን ወደ ስፍራቸው መለሰ። በዕቃ ቤቱም ላይ አንድ ካህን፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ሌዋዊ፣ ከእነርሱም ጋራ አንድ ረዳት ሾመ፤ የታመኑ ሆነው ተገኝተዋልና ለወንድሞቻቸው የማከፋፈሉ ሥራ ለእነርሱ ተሰጠ።