ያገለገለ መኪና ሲገዙ፦ ከፋይሉ እስከ ዳገቱ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። ዛሬ በአዊ ዞን፣ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ የቤንዚን ወይም የናፍጣ መኪና የፈለገ ሰው አገር ውስጥ ሲሠሩ ከቆዩት መካከል ይመርጣል። ሃያ ዓመት ያለፋት ቪትዝ ቀለም ተቀብታ፣ ወንበሯ ታድሶ፣ በእቁብ ብርና በዘመድ ብድር ትገዛለች። እንዲህ በተሰበሰበ ገንዘብ ተሳስቶ መግዛት ቤተሰብ ያናጋል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አጥብቀው ይያዙ።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ደላላው ደውሎ «ሌላ ገዥ እየመጣ ነው፣ ቀብድ ያሲዙ» ቢልዎ አይቸኩሉ። መኪናውን ከማየትዎ በፊት የሊብሬውን ፎቶ ያስልኩ። በሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ ነው? አንድ ካልሆነ ሻጩ የያዘው ውክልና ነው ማለት ነው፤ ብዙው ጣጣ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አንዱ ለሌላው በውክልና እየሸጠ ስሙ ሳይዛወር ሦስትና አራት እጅ የዞረ መኪና በየከተማው አለ። ሕጋችን ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚል ቃል በግልጽ ካልተጻፈበት ወረቀቱ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሲሞት ደግሞ በመርሕ ደረጃ ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ ያኔ ከወራሾች ጋር መካሰስ ይመጣል። የሚሻለው ባለስሙ ራሱ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። ካልተቻለ ውክልናውን የሰጠው ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄደው አለመሻሩን ያረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መስማማት አለበት፤ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያቅርብ።

ወደ ጃዊና ቻግኒ በኩል በእርሻ ኢንቨስትመንት ስም ከቀረጥ ነጻ የገቡ ፒክአፖች ይገኛሉ። እንዲህ ያለ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ያ መብት ለሌለው ሰው አይተላለፍም። ዋጋው ከገበያው በጣም የወረደ ፒክአፕ ሲቀርብልዎ መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ።

ፋይሉ

ሊብሬ ሻጩ እጅ ያለ ወረቀት ነው፤ የመኪናው ሙሉ ታሪክ ያለው ታርጋውን በሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ነው። አአ ታርጋ ከሆነ ፋይሉ አዲስ አበባ ነው፤ አማ ከሆነ በክልሉ የተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ነው። ከባለንብረቱ ጋር አብረው ይሂዱና የሚከተሉትን ያስጠይቁ፦ የፍርድ ቤት፣ የፖሊስ፣ የባንክ ወይም የጉምሩክ እገዳ አለበት? ሞተር ተቀይሮ ተመዝግቧል? ቀለሙስ? ስንት ባለቤት አልፎበታል? ባንክ በዋስትና የያዘውን መኪና ለማወቅ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 የተቋቋመው የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና መዝገብ አለ፤ በእሱም ያስፈትሹ።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ቦሎ የሚባለው የዚህ ምርመራ ምልክት ነው። የዘንድሮውን ቦሎ ብቻ አይተው አይርኩ፤ ያለፉትን ዓመታት በተርታ ይመልከቱ። መሐል ላይ ሁለት ዓመት ቦሎ ያልታደሰለት መኪና የት ነበር? ጋራዥ ቆሞ ይሆናል፤ ተጋጭቶ ይሆናል፤ ተከስሶም ይሆናል። ሻጩ ምክንያቱን በወረቀት ያስረዳ። ከተቻለ ምርመራውን ያደረገውን ድርጅት የፍሬን፣ የመሪና የጭስ ውጤት ቅጂ እንዲሰጥ ይጠይቁ። ቦሎ ግን መኪናው በዚያን ቀን የታየ መሆኑን እንጂ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን አይናገርም።

ኢንሹራንሱም ታሪክ ይይዛል። ሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ስለሆነ መኪናው የአንድ መድን ድርጅት ደንበኛ መሆኑ አይቀርም፤ ሙሉ ዋስትና ከነበረው ደግሞ የካሳ ጥያቄ ያለበት ፋይል ሊኖር ይችላል። መድን ድርጅቶች ክፉኛ የተጋጩ መኪኖችን በጋዜጣ ጨረታ እያወጡ ይሸጣሉ፤ እነዚህ ተጠግነው ገበያ ላይ ይመለሳሉ።

ሻንሲና ቆርቆሮ

አሁን መኪናውን ይዩ፤ በቀን ብርሃን፣ ሳይዘንብ። የረጠበ ላሜራ ስቱኮን ይደብቃል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያነጻጽሩ። በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ፣ የሞረድ ወይም አዲስ ቀለም ምልክት ካዩ እዚያው ያቁሙ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው በሮቹንና ፓራፋንጎውን ይንኩ፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ አይያዝም ወይም ላላ ይላል። ኮፈኑን ከፍተው የፓራፋንጎውን ብሎኖች ይመልከቱ፤ ቀለማቸው የተፋቀ ከሆነ ተፈትተዋል ማለት ነው። የበሩን ጎማ ገለጥ ቢያደርጉ የፋብሪካው የነጥብ ብየዳ በእኩል ርቀት ተሰልፎ መታየት አለበት። የመስታወቶቹን ምልክት ያስተያዩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ ተቀይሯል። የጎማው ጎን ላይ ካሉት አራት አሃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይነግሩዎታል፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

የአዊ ክረምት ረጅምና ብርቱ ስለሆነ እዚህ የኖረ መኪና ከታች ይዝጋል። ምንጣፉን ያንሱ፤ የተጠባባቂ ጎማውን ጉድጓድ ይዩ፤ ሥሩን በባትሪ መብራት ይፈትሹ። ቪትዝ የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት፤ ከጃፓን በቀኝ መሪ ተሠርተው መሪያቸው በኋላ ወደ ግራ የተዛወሩ አሉ። ክሩስኮቱ ሥር በመካኒክ ያሳዩ፤ የመሪውና የፍሬኑ መገጣጠሚያ በእጅ የተበየደ ከሆነ እኔ አልገዛውም።

ሞተሩ ሳይሞቅ

ሻጩ «ሞተሩ ያልተነካ ነው» ማለቱ አይቀርም። ማረጋገጫው የእንጅባራ ጠዋት ነው። ቀድመው ይድረሱና ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፤ ሞቆ ካገኙት ሌላ ቀን ይመለሱ። ሳይነሳ በፊት ዘይቱንና የራዲያተሩን ውኃ ይዩ። የዘይት ክዳኑ ሥር ትንሽ የወተት መልክ ያለው አረፋ በብርድ አገር አጭር ርቀት ብቻ በሚሄድ መኪና ላይም ይታያል፤ የዘይት መለኪያው ራሱ ወተት ከመሰለ ግን ውኃ ከዘይት ተቀላቅሏል፣ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ያስጠረጥራል። ሲነሳ ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል። ነጩ ጭስ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውኃ እየገባ ነው።

ከፍታው ራሱ ያሳስታል። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነች፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ አሮጌ ናፍጣም ጥቁር ጭስ ያበዛል። ስለዚህ በመድከሙ ብቻ አይፍረዱበት፤ ከተመሳሳይ መኪና ጋር ያወዳድሩት። ውኃ በዚህ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ጤነኛ ሞተርም ዳገት ላይ ይፈላል። ክዳን መቀየር ርካሽ ነው፤ የተጣመመ ቴስታታ ግን ውድ ነው።

ዳገቱ

ከተማ ውስጥ አንድ ዙር መንዳት ፈተና አይደለም። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ይውረዱ፤ ቻግኒ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቁልቁለቱ ፍሬኑን፣ የመልሱ ዳገት ሞተሩን ይፈትንልዎታል። ከዳንግላ የሚነሱ ከሆነ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ እንጅባራ ይውጡ። ሲወርዱ ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን ይስባል? ሲወጡ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። የሙቀት መርፌው ከመሐል ማለፍ የለበትም። ሲመለሱ መኪናውን ያቁሙና ከሥሩ የሚንጠባጠብ ይፈልጉ።

ለሥራ መኪና ፈተናው ጠበቅ ይላል። ድንችና ከሰል ሲጭን የኖረ አይሱዙ ሻንሲው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ባሊስትራው ከሚያርፍበት አካባቢ ብየዳ ይፈልጉ። ናፍጣ ሃይኤስ ከሆነ የታይሚንግ ቀበቶው መቼ እንደተቀየረ በደረሰኝ ይጠይቁ፤ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ከዋጋው ላይ ይቀንሱ።

መካኒኩን እርስዎ ይምረጡ፤ ሻጩንም ደላላውንም የማያውቅ ይሁን። ቢገዙም ባይገዙም የቀን ሥራውን ይክፈሉት፤ ያኔ እውነቱን ለመናገር የሚያግደው ነገር አይኖርም።

ውሉ

ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት ይፈራረሙ፤ ገንዘቡ በባንክ ይተላለፍ፤ ትክክለኛው ዋጋ ይጻፍ። መኪናውን የተረከቡበት ቀንና ሰዓት ይግባበት፤ ከዚያ በፊት የደረሰ አደጋ፣ ቅጣትና ዕዳ በሻጩ ላይ መሆኑ ይጻፍ። ድብቅ ጉድለት ካገኙ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሻጩ በጽሑፍ ያስታውቁ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዝም ያለ ገዥን አይረዳም። ከክፍያው የተወሰነው ስሙ ከተዛወረ በኋላ እንዲከፈል በውሉ ያስገቡ፤ አዲሱን ሊብሬ በስምዎ ሳይቀበሉም ያንን ብር አይልቀቁ።