የካንሰር ሕሙማንን የወጪ ጫና አስቀድሞ መለየት፦ ከሐረር አንጻር

መግቢያ
የካንሰር ሕክምና ወጪ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ አይደለም። ኬሞቴራፒ በአብዛኛው በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይደጋገማል፤ የጨረር ሕክምናም ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ በመቆየቱ፣ የሐረር ሕመምተኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። በሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና መስፋፋቱ ርቀቱን ቢያሳጥርም፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ አልቀረለትም።

የመለኪያዎቹ ውስንነት
በስፋት የሚሠራበት መለኪያ፣ የጤና ወጪ ከቤተሰቡ ጠቅላላ ፍጆታ ወይም ገቢ 10 ወይም 25 በመቶ ሲያልፍ «አውዳሚ» ይለዋል። ይሁን እንጂ ገንዘብ አጥቶ ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው ወጪው ስለሚቀንስ፣ በዚህ ስሌት ያልተጎዳ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የቀረበው «ኮስት» የተሰኘ መጠይቅ በ11 ጥያቄዎች የሕመምተኛውን ስሜት ይለካል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 44 ሲሆን፣ ዝቅተኛ ነጥብ ከፍተኛ ጫናን ያመለክታል። ሆኖም ስለ ወርኃዊ ወጪ የሚያነሣው ጥያቄ ገቢው በጫትና በማሽላ ምርት ወቅት ለሚወሰን ገበሬ አይመችም። ስለዚህ መጠይቁን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በሶማልኛ ከመተርጎም ባሻገር ከአካባቢው ኑሮ ጋር ማጣጣም ያስፈልጋል።

የሚመከር አሠራር
ነርስ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊትና በየዙሩ አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቅማል፦ ለሕክምናው የተሸጠ ከብት ወይም ንብረት አለ? የተወሰደ ብድር አለ? ከትምህርት የቀረ ልጅ አለ? በገንዘብ እጦት የታለፈ ቀጠሮ ወይም ያልተገዛ መድኃኒት አለ? ለመጨረሻው ጥያቄ «አዎ» የሚል መልስ በዕለቱ እርምጃ ይሻል። ብድር ሊያሳፍር ስለሚችል ጥያቄው ከአስታማሚ ተለይቶ በግል ይቅረብ። ሕመምተኛው በጀጎል የአፎቻ አባል መሆኑም ከጫና ነጻ ነው አያሰኝም፤ አፎቻ በዋናነት የሐዘንና የሠርግ ሸክም መጋሪያ እንጂ ለወራት የሚዘልቅ ሕክምና መክፈያ አይደለም።

መደምደሚያ
ጠይቆ መፍትሔ አለማቅረብ ሕመምተኛውን በከንቱ ገመናውን ማስገለጥ ነው። በመሆኑም ልየታው እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ከተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ ለድሆች ከሚሰጠው የነጻ ሕክምና አሠራርና ከቀጠሮ ማመቻቸት ጋር መያያዝ አለበት። ልየታው የሚጠቅመው ሕመምተኛው ከመቅረቱ በፊት ሲደረግ ነው፤ ከቀረ በኋላ ግን የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።