ስኳር ድንች በብርጭቆ

ልጄ፣ ለክፍልሽ ማድመቂያ ተክል ፈልገሽ ዋጋውን ሰምተሽ ተመለስሽ አሉ። አንድ ስኳር ድንች ይበቃሻል። ሰፈርሽ ሳንሱሲ ብርድ ስለሆነ ግን የሚሆነውን ልንገርሽ።

1. ግዢው። አትክልት ተራ እንደ ድሮው ፒያሳ ቢሆን ልልክሽ በቻልኩ፤ አሁን ወደተዛወረበት ኃይሌ ጋርመንት ድረስ ግን አትድከሚ፣ የሰፈርሽ ጉሊት ይበቃል። ለድስት የሚመረጠው ለስላሳውና ንጹሑ ነው። አንቺ ጫፉ ላይ ወይን ጠጅ ነጥብ ነጥብ ያወጣውን፣ ሊጣል የተለየውን ጠይቂ። ጠንካራ ከሆነ ቢጨማደድም ግድ የለም። ፍሪጅ የከረመ ግን ይቅርብሽ፤ ብርዱ ውስጡን ይጎዳዋል።

2. ራሱንና ጭራውን ለዪ። ከሐረጉ የተቆረጠበት ወገን ራሱ ነው፤ ቡቃያው ከዚያ ይወጣል። ቀጭኑ ጭራ ወደ ውሃው ይሁን።

3. ወገቡ ላይ ሦስት አራት ስቴኪኒ ሰክተሽ ከማርማላታ ብርጭቆ አፍ ላይ አሳርፊው፤ ሲሶው ውሃ ውስጥ ይግባ። በፈረቃ የምታጠራቅሚው የጀሪካን ውሃ ይሆናል፤ እንዲያውም ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ የበረኪናው ሽታ ይለቀዋል። በሳምንት አንዴም ሁለቴም ቀይሪው። ከደፈረሰ ቀን አትቁጠሪ።

4. ዋናው ሙቀት ነው፤ እዚህ ላይ ስሚኝ። ስኳር ድንች በእኛ አገር በብዛት የሚበቅለው ወላይታ፣ ሲዳማ፣ ሐረርጌ ነው። ከ24 ዲግሪ በላይ ሲያገኝ ይፈጥናል፣ ከ15 በታች ግን ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል። የእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች እንደሚወርድ ታውቂያለሽ፤ በገፈርሳ በኩል የሚመጣውንም ነፋስ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ በየካቲት ወይም በመጋቢት ጀምሪ። እስኪያቆጠቁጥ ድረስ ከብርሃን ይልቅ ሙቀት ይሻል፤ ምጣድ የምትጥጂበት ጥግ ወይም የፍሪጁ አናት ጥሩ ነው። ከብረት መስኮቱ ጠርዝ ግን አታሳድሪው፤ መስታወቱ ሌሊት በረዶ ነው። ሥሩ ቀድሞ ነጭ ክር ሆኖ ይወርዳል፣ ላዩ ሳምንታት ዝም ሊል ይችላል። ይህን ጊዜ ነው ብዙ ሰው የሚጥለው።

5. ቡቃያው ጣት ሲያክል ወደ ብርሃን አውጪው። ሐረጉ ሲረዝም ጫፉን ቀንጥሺው፣ ጎን ጎኑን ያወጣል። የቅጠሉ ቅርጽ እንደ ዝርያው ነው፤ አንዱ የልብ ቅርጽ አለው፣ ሌላው ጣት ጣት ያለው ነው። እስኪወጣ አታውቂውም፤ ለእኔ ደስታው እሱ ነው። በሐዋሳ የምርምር ማዕከል በኩል የወጡትን ኩልፎና ቱላ የተባሉ ዝርያዎች ካገኘሽ ውስጣቸው ብርቱካንማ ነው፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ ናቸው። እነሱን ግን ቀቅለሽ ብትበያቸው እመርጣለሁ።

6. ከተራው ድንች ጋር የቅርብ ዘመድ አይደለም። የዚያኛው ቅጠል መርዝ አለው፤ የስኳር ድንች ቅጠል ግን በብዙ አገር እንደ ጎመን ይበላል። የአከራይሽ ልጅ ቢቀነጥሰው አትደንግጪ።

7. ከወራት በኋላ ድንቹ ሟሙቶ ይለሰልሳል። ያኔ የወላይታ ገበሬ የሚያደርገውን አድርጊ፤ እሱ ድንቹን ሳይሆን ሐረጉን ነው የሚተክለው። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጪ፣ የታችኛውን ቅጠል አርግፊ፣ አንጓውን ውሃ ውስጥ ወይም አፈር ውስጥ ክተቺ። ጎረቤትም ከጠየቀችሽ ከዚሁ ቁረጪላት። በቀለም ቆርቆሮ ከተከልሽው ድንች አወጣለሁ ብለሽ አትጓጊ፤ ለዚያ ቦታውም ብርዱም አይፈቅድም። ቆርቆሮውን ብቻ ከሥሩ ብሺው፣ ውሃ እንዳይተኛበት።