አለቃ የሌለበት ቀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ታካችን ሰው ከገብረ ጉንዳን እንዲማር ይልከዋል። ከዚህ ምክር ብዙ ጊዜ የምንይዘው ትጋትን ብቻ ነው። ጠቢቡ ግን ገብረ ጉንዳንን ያመሰገነበት ሌላም ምክንያት አለው፤ አለቃና አዛዥ ሳይኖራት መብሏን በጊዜው መሰብሰቧ ነው። እኛም ዛሬ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ደወል የሚደውል፣ ስም የሚጠራ፣ የሚቆጣም በሌለበት ቀን ሥራችንን እንዴት እናሰናዳ?

ጥያቄው ለብልባላ ወጣት የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ላስታ በደረሰ ጊዜ ትምህርት ተቋርጦ ተማሪው ቤቱ ውሏል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናም በመላ ሀገሪቱ ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለው ምክንያት ቀኑ በገዛ እጁ የቀረ ወጣት ብዙ ነው። አንዱ ዳግመኛ ለመፈተን ያጠናል፤ ሌላው ሥራ እየጠበቀ ቤተ ሰቡን በእርሻ ያግዛል። ቀኑ የእርሱ ነው፤ ነገር ግን ምን እንደሠራበት ሳይታወቀው ይመሻል። ይህ ሲደጋገም ወጣቱ «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ትጋት ሳይሆን ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። አባቶቻችን በአብነት ትምህርት ቤት ትተውልናል።

አንደኛ፤ ሥራውን ለሚስማማው ሰዓት እንስጥ። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ በቀን፣ የቃል ትምህርት ደግሞ በማታ ይጠናል። ፊደል ብርሃን ይፈልጋል፤ በቃል የሚጠናውን ግን ጨለማ አይከለክለውም። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ሊለምን ሲወጣም የተቀበለውን ትምህርት በልቡ ይደጋግማል። እኛም ውኃ ስንቀዳ፣ ከብት ስንጠብቅ፣ ገበያ ስንሄድ የተያዘው እጅና እግራችን ነው እንጂ አፋችንና ልባችን ነፃ ነው። የእንግሊዝኛ ቃላት፣ የፊዚክስ ቀመር፣ ውዳሴ ማርያምም ለእነዚህ ሰዓታት ይስማማሉ። ሒሳብ መሥራትና አዲስ ምዕራፍ ማንበብ ግን መቀመጫና ብርሃን ይሻሉ። ስለዚህ ማታ ከመተኛታችን በፊት የነገውን ሥራ «የመቀመጫ» እና «የመንገድ» ብለን በሁለት እንክፈለው። ስልኩም በመቀመጫው ሰዓት ከእጃችን ይራቅ።

ሁለተኛ፤ ቀኑን በምዕራፍ እንከፋፍለው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሠራችልን 7 የጸሎት ጊዜያት መካከል ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓትና ሠርክ ለቀን ሥራ እንደ ምዕራፍ ያገለግሉናል። ነግህ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሠለስት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ሠርክ 11 ሰዓት ነው። በየመካከሉ ላለው ጊዜ አንድ ዋና ሥራ እንመድብለት። ጊዜው ሲደርስ ቆመን እንጸልይ፤ ያለፈውን ተመልክተን ቀጣዩን እንጀምር። ከነግህ እስከ ሠለስት ያለው ባይሳካ የተበላሸው አንድ ክፍል እንጂ ቀኑ በሙሉ አይደለም። «ዛሬማ አንዴ ተበላሽቷል፣ ነገ እጀምራለሁ» የሚለው ሰበብ በዚህ ይቀራል።

ሦስተኛ፤ ከጥቂቱ እንጀምር። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የሚቆጥረው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃናን ነው። ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። መወድስን በመጀመሪያው ቀን የሚሞክር ተማሪ የለም። እኛ ግን ሥርዓት በያዝንበት በመጀመሪያው ቀን ስምንት ሥራ ጽፈን፣ ሦስቱን ሠርተን፣ በአምስቱ እናዝናለን። ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ሥራ ይበቃል። ሁለቱን መፈጸም ከለመድን በኋላ ሦስተኛውን እንጨምር።

አራተኛ፤ ማታ የምንጠየቅበት ሰው ይኑረን። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። በዚሁ በሰሜን ወሎ የምትገኘው ዋድላ በቅኔ ቤትነቷ የታወቀች ናት። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ከሰው ተለይቶ ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ቀን የሚቆጣጠረው የለም። ሲመሽ ግን የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ነፃነቱ ቀን፣ ተጠያቂነቱ ማታ ነው። ማታ እንደሚነግር ስለሚያውቅ ቀኑን በከንቱ አያሳልፍም። እኛም ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት መርጠን በየማታው ሦስት ነገር እንነጋገር፤ ምን አሰብሁ? ምን ሠራሁ? ምን ከለከለኝ? የሚሰማውም አይፍረድ፤ ያርም እንጂ።

አንዳንዶቻችሁ «ቤተ ሰብ ይልከናል፣ ቀኑ የእኛ አይደለም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በገጠር ቤት የሚያነብ ልጅ ሥራ ፈት መስሎ ይታያል። ስለዚህ አስቀድመን በማታ እንናገር። «እማዬ፣ ነገ ከሠለስት እስከ ቀትር ላጥና፤ ከቀትር በኋላ ውኃውን እኔ አመጣለሁ» ያለ ልጅ የሚከለክለው ወላጅ ጥቂት ነው። ቃሉን ጠብቆ ከተገኘ ደግሞ በማግሥቱ ሳይጠይቅ ይፈቀድለታል። እኅቶቻችን ግን ውኃውም፣ እንጨቱም፣ እንጀራ መጋገሩም ይጠብቃቸዋል። ለራሱ የጥናት ሰዓት የጠየቀ ወንድም እንስራውን ተቀብሎ ለእኅቱም ሰዓት ያስገኝላት። እርሷ ስትደክም እርሱ ብቻ ቢያጠና ሥርዓቱ ጎዶሎ ነው።

በዓላትንም አንርሳ። በወሩ 15 ቀን ለቂርቆስ፣ በ23 ቀን ለጊዮርጊስ በብልባላ ሞፈሩ ይሰቀላል፤ መጽሐፉ ግን አይሰቀልም። ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሰዓት ለንባብ የተመቸ ነው።

እንግዲህ ለሚመጣው እሑድ እያንዳንዳችን የማታ ጓደኛችንን መርጠን እንምጣ። ከሰኞ ጀምሮ በሁለት ሥራ እንጀምር። ወሩ ሲያልቅም የተሳካውንና ያልተሳካውን በጉባኤያችን እንወያይበታለን። አለቃ የሌለበት ቀን ሥርዓት የሌለበት ቀን እንዳይሆንብን አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።