ገንዘብ የሚከፈልበት የአመጋገብ መርሐ ግብር ይጠቅማልን?



በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ሐኪም «ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ ክብደት ይቀንሱ» ሲላቸው በኢንተርኔት ወደሚሸጥ የአመጋገብ መርሐ ግብር ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ። ክፍያው በየወሩ ስለሚቆረጥ ሲጀመር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በወር 40 ዶላር የሚከፍል ሰው በዓመት 480 ዶላር ያወጣል፤ ይህም ለወላጅ ከሚላከው ወይም ለልጅ ትምህርት ከሚቀመጠው ገንዘብ ላይ የሚነሣ ነው። ስለዚህ «ልክፈል ወይስ ልተው?» የሚለው ጥያቄ የጤናም የቤተሰብም ጥያቄ ነው።

1. የሚሸጠው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚገዛው የተሰወረ ዕውቀት ይመስለዋል። አትክልትና ጥራጥሬ ማዘውተር፣ ስኳርና ቅባት መቀነስ፣ በእግር መሄድ እንደሚጠቅም ግን ማንኛውም ሐኪም ይነግረናል። ዌይት ዋቸርስ የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት የኒውዮርኳ የቤት እመቤት ወይዘሮ ጂን ኒዴች፣ የአመጋገቡን ሥርዓት ያገኙት ከከተማው የጤና መሥሪያ ቤት ክሊኒክ ነበር። እርሳቸው የጨመሩት ወዳጆቻቸውን በቤታቸው ሰብስቦ መወያየትንና መበረታታትን ነው። እንግዲህ ዋጋ ያለው ነገር ክትትሉ እንጂ የምግቡ ዝርዝር አይደለም።

2. ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የቦስተን ጥናት 160 ሰዎች በአራት ልዩ ልዩ የአመጋገብ ሥርዓቶች ተመደቡ። ከዓመት በኋላ በአማካይ የቀነሱት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከ10 ሰዎች 4ቱ ያህል አቋርጠው ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የሥርዓቱ ዓይነት ሳይሆን ጸንቶ መከተል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ 772 ሰዎች በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሐኪም ወደ ዌይት ዋቸርስ ሳምንታዊ ስብሰባ የላካቸው በዓመት 5 ኪሎ ያህል ሲቀንሱ፣ የተለመደውን የሕክምና ምክር ያገኙት 2 ኪሎ ከሩብ ያህል ቀነሱ። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው ድርጅቱ ራሱ መሆኑን ግን ልብ ማለት ይገባል።

3. ከመክፈል በፊት ምን እንጠይቅ?

ሀ) የሚከታተለኝ ሰው አለን? መልእክቱ ሁሉ ከመሣሪያ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የምንገዛው ማስታወሻ ደብተር ነው።

ለ) ማዕዳችንን ያውቃልን? እንጀራንና ሽሮን የማይቆጥር፣ የጾም ወራትን ከግምት የማያስገባ መርሐ ግብር ቶሎ ይሰለቻል።

ሐ) መውጫው የት ነው? ኑም የተባለው ድርጅት፣ በርካሽ የሙከራ ጊዜ አስገብቶ ክፍያውን በራሱ ያድሳል፣ ለማቋረጥም ያስቸግራል በሚል የቀረበበትን ክስ እ.ኤ.አ. በ2022 በ62 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘግቷል። ስለዚህ እንዴት እንደሚቋረጥ አስቀድመን እናንብብ።

መ) ያለ ክፍያ የሚገኝ የለምን? እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ታላቅ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ሰዎች በአሠልጣኝ እየታገዙ ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲጥሩ፣ በሽታው የመያዝ ዕድሉ በ58 በመቶ ቀንሷል። በዚህ ላይ የተመሠረተውን መርሐ ግብር ሜዲኬር ቅድመ ሁኔታውን ለሚያሟሉ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ይሸፍናል። ሐኪምን መጠየቅ ነው።

ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሕይወቱን ለአደጋ እንዳያጋልጥ፣ ምግብ ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ማጠቃለያ

ያለ ክፍያ የሚከታተል ሰው የሚገኝ ከሆነ መክፈል አያስፈልግም። ብቻውን የሆነ፣ ሐኪሙም የተስማማለት ሰው ግን ለሦስት ወር ብቻ ቢሞክርና ውጤቱን መዝኖ ቢወስን ገንዘቡ በከንቱ አይጠፋም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ በየቁምስናው አምስት ስድስት ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን አብረው የሚራመዱበትን፣ የሚመካከሩበትንም መንገድ ቢያመቻቹ፣ በገበያ በውድ የሚሸጠውን በነጻ ሰጡ ማለት ነው።

ለውይይት

• ጀምረን ያቋረጥነው ነገር ቢኖር ያጣነው ዕውቀትን ነው ወይስ አጋርን?
• በቤታችን በየወሩ ሳናስተውል የሚቆረጥ ክፍያ አለን?
• በቁምስናችን ከሐኪም ምክር ተቀብሎ ብቻውን የሚታገል ማን ነው?